በነጥብ እኩል ሆነን ለምን አምስተኛ ተባልን? የኮሌጅ ሆኪ ደረጃ እና የሦስት ጨዋታ ትንበያ

ጥያቄው፦ «ልጄ ሰሜን ኒውዮርክ ውስጥ፣ ኢሲኤሲ በሚባለው የኮሌጅ የበረዶ ሆኪ ሊግ ከሚወዳደሩት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ይማራል። እሱ ራሱ አይጫወትም፤ ግን በእሱ ምክንያት ቤተሰቡ በሙሉ የሆኪ ቡድኑ ደጋፊ ሆኗል። ቅዳሜ ማታ መደበኛው ውድድር ሲያልቅ ከአንድ ቡድን ጋር በነጥብ እኩል ሆንን። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተገናኝተን አንድ አንድ ተሸናንፈናል፤ እኛ ያሸነፍነው በኅዳር ነው። በግብ ክፍያ በብዙ እንበልጣቸዋለን። ሆኖም እነሱ አራተኛ፣ እኛ አምስተኛ ተባልን። ይህ እንዴት ይሆናል? የሊጉ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ የሚደረግበት ሌክ ፕላሲድ የመድረስ ዕድላችንስ ስንት ነው? ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነድተን ስለምንሄድ ሆቴል ከአሁኑ እንያዝ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሊጉ አልተሳሳተም፤ ቡድናችሁ በደንቡ መሠረት አምስተኛ ነው። እርስዎም በግብ ክፍያ ያዩት ነገር ከንቱ አይደለም፤ ያነሡት ግን ላልሆነው ጥያቄ ነው። ደረጃ የሚለየው ደንብ ያለፈውን ይዳኛል። ትንበያ የሚመጣውን ይገምታል። የግብ ክፍያ ለመጀመሪያው እዚህ ሊግ ውስጥ ብዙም ዋጋ የለውም፤ ለሁለተኛው ግን በእጃችን ካሉት ቁጥሮች ከጠንካሮቹ አንዱ ነው። ስለዚህ «አራተኛ መሆን ነበረብን» የሚለው አያስኬድም፤ «ከእነሱ እንሻላለን» የሚለው ግን ልክ ሊሆን ይችላል።

ግራ የገባዎት አብዛኞቻችን ሰንጠረዥ ማንበብ የተማርነው ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ስለሆነ ነው። በ2012 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ማንቸስተር ሲቲና ማንቸስተር ዩናይትድ ሁለቱም 89 ነጥብ ይዘው ሲጨርሱ ዋንጫውን ሲቲ የወሰደው በግብ ክፍያ፣ 64 ለ 56 በልጦ ነው። ስፔን ግን እንዲህ አይደለም። በ2007 ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና እኩል 76 ነጥብ ነበራቸው፤ የባርሴሎና የግብ ክፍያ እጅግ ይበልጥ ነበር። ማድሪድ ግን በሜዳው 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ካምፕ ኑ ላይ 3 ለ 3 ወጥቶ ነበርና በእርስ በርስ ግንኙነት ሻምፒዮን ሆነ። ኢሲኤሲ የሚሄደው በስፔኑ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እናንተ ሁለታችሁ ስትገናኙ ማን በለጠ?» የሚለው ነው።

«አንድ አንድ ተሸናንፈናል፤ ታዲያ እኩል አይደለንም?» ይላሉ። ምስጢሩ ያለው እዚህ ነው።

ሊጉ 12 ቡድኖች አሉት፤ ስድስቱ የአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶች ናቸው፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ብራውን፣ ዳርትመዝና ኮርኔል። የቀሩት ክላርክሰን፣ ሴንት ሎውረንስ፣ ኮልጌት፣ ዩኒየን፣ ሬንሰሌርና ኩዊኒፒያክ ናቸው። እያንዳንዱ ከሌሎቹ 11 ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወታል፤ አንዱን በቤቱ፣ አንዱን በሰው ቤት፤ በጠቅላላው 22 ጨዋታ። በመደበኛው 60 ደቂቃ ያሸነፈ 3 ነጥብ ያገኛል፣ የተሸነፈ ባዶ እጁን ይመለሳል። 60 ደቂቃው እኩል ካለቀ አምስት ደቂቃ ይጨመራል፤ በዚያ ጊዜ ከግብ ጠባቂው ሌላ በየቡድኑ ሦስት ሦስት ተጫዋች ብቻ ነው በረዶው ላይ የሚቀረው። ያም ካልለየ በመለያ ምት ይጨረሳል። በጭማሪው ወይም በመለያ ምት ያሸነፈ 2፣ የተሸነፈ 1 ነጥብ ይይዛል።

አሁን ሁለቱን ጨዋታዎች ያስታውሱ። እነሱ እናንተን በመደበኛው ሰዓት አሸንፈው ከሆነ 3 ለ 0 ነው። እናንተ እነሱን ያሸነፋችሁት በጭማሪው ከሆነ 2 ለ 1 ነው። ድምሩ 4 ለ 2፤ እነሱ በለጡ። ድል በድል እኩል ናችሁ፣ በነጥብ ግን አይደላችሁም፤ የእርስ በርስ ግንኙነት የሚቆጠረው በነጥብ ነው። የኅዳሩን ውጤት አውጥተው ቢያዩት ከጎኑ የጭማሪ ሰዓት ምልክት እንደሚያገኙበት አልጠራጠርም። ያን ምሽት የቤታችሁ ሰዎች በደስታ ጮኸው ይሆናል። እኔም ብሆን እጮኽ ነበር። ግን በ60 ደቂቃ ሳያልቅ የቀረው ያ ጨዋታ ለተጋጣሚያችሁ ያስተረፈለት አንዲት ነጥብ ናት ሦስት ወር ቆይታ አራተኛ ያደረገችው።

እኔ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ይህን ሊግ የምከታተለው ደግሞ በእጄ ነው። ሊጉ ሲጀመር አንድ ሰፊ ካርቶን ላይ 12 በ12 ሠንጠረዥ አሰምራለሁ። በመደበኛው ሰዓት ያለቀውን በሰማያዊ፣ በጭማሪ ያለቀውን በቀይ እስኪርቢቶ እጽፋለሁ። የመጨረሻው ቅዳሜ ሲደርስ ካርቶኑ የወጥ ጠብታና የቡና ክብ አርፎበታል፤ ስድስቱ ጨዋታዎች ግን በአንድ ምሽት ሲካሄዱ ከየትኛውም የስልክ መተግበሪያ ይልቅ የማምነው እሱን ነው። ሁለት ቡድን እኩል ሲሆን ጣቴን በአንዱ ረድፍና በሌላው ዓምድ ላይ አሳርፌ ሁለት ሳጥን አነባለሁ። ብዙ ጊዜ በዚያው ያልቃል።

ካላለቀ፣ ማለትም የእርስ በርሱም 3 ለ 3 ከሆነ፣ ወደ ድል ብዛት ይኬዳል። ከዚያ ከላይኞቹ አራት ቡድኖች ጋር በተደረጉት ጨዋታዎች የተገኘው ውጤት ይታያል፤ ከዚያ ከላይኞቹ ስምንት ጋር የተገኘው። የግብ ክፍያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም በቅድሚያ እርስ በርስ የተቆጠሩት ጎሎች ብቻ ናቸው የሚታዩት። አንድ ጠንካራ ቡድን የሰንጠረዡን ግርጌ 8 ለ 1 ቢያሸንፍ ለደረጃው አንዳች አይጨምርለትም። ይህን ትክክል ነው እላለሁ፤ 6 ለ 1 እየመራ ያለ አሠልጣኝ ለተጠባባቂዎቹ ዕድል መስጠት እንጂ ሌላ ጎል ማሳደድ የለበትም።

«ከላይኞቹ አራት ጋር» የሚለው መስፈርት ጣጣ አለው። ከላይ ያሉት አራቱ እነማን እንደሆኑ የሚታወቀው የመጨረሻው ፉጨት ሲነፋ ነው። ስለዚህ የእናንተ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ሌላ ከተማ የሚደረግ፣ ከእናንተ ጋር የማይገናኝ የሚመስል ጨዋታ አራተኛውንና አምስተኛውን ያቀያይርና የእናንተን እኩልነት በሌላ መንገድ ይፈታዋል። በዚያ ምሽት ደጋፊዎች ስልካቸውን ይዘው ስለማያውቁት ቡድን ሲጨነቁ ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሦስት ቡድን እኩል ሲሆን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ፤ ለከርሞ ይጠቅምዎታልና ላሳይዎት። ሀ፣ ለ እና ሐ በነጥብ እኩል ሆኑ እንበል። ሀ ከለ ጋር ባደረጋቸው ሁለት ጨዋታዎች 5 ለ 1፣ ከሐ ጋር 3 ለ 3 አለው። ለ ደግሞ ከሐ ጋር 4 ለ 2 አለው። ሦስቱ ብቻ የተጫወቱበትን ትንሽ ሰንጠረዥ ስንሠራ ሀ 8፣ ለ 5፣ ሐ 5 ይመጣል። ሀ ተለየ፤ ከላይ ይቀመጣል። ብዙዎች እዚህ ላይ «ለ እና ሐ አሁንም 5 ለ 5 ናቸው» ብለው ወደሚቀጥለው መስፈርት፣ ወደ ድል ብዛት ይሻገራሉ። አይደለም። አንዱ ሲለይ የቀሩት ሁለቱ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው መስፈርት ይጀምራሉ። ለ እና ሐ ለብቻቸው ሲታዩ ለ 4 ለ 2 በልጧል፤ በቃ፣ ለ ሁለተኛ ነው። ሐ ሃያ ጊዜ ቢያሸንፍ እንኳ አያድነውም። መስፈርቶቹ እንደ መሰላል ናቸው፤ አንድ ሰው ከመካከል በወጣ ቁጥር የቀሩት ወደ ታችኛው እርከን ወርደው እንደገና ይወጣሉ። የሌሎች ሊጎች ደንብ በዚህ ሊለይ ስለሚችል የሆኪ ኢስትን ወይም የቢግ ቴንን ሰንጠረዥ በኢሲኤሲ ደንብ አይፍቱ።

አሁን ወደሚያሳስብዎት ነገር ልምጣ። ከሁሉም ደረጃዎች መካከል እኩልነት በጣም የሚጎዳው በአራተኛና በአምስተኛ መካከል ሲሆን ነው። በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው ልዩነት ክብርና ትንሽ ቀለል ያለ ተጋጣሚ ነው። በስምንተኛና በዘጠነኛ መካከል ያለው አንድን ጨዋታ የማስተናገድ መብት ነው። ከአንድ እስከ አራት ያሉት ግን የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ፤ ሩብ ፍጻሜውንም በቤታቸው ያስተናግዳሉ። ከአምስት እስከ ስምንት ያሉት ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ካሉት ጋር አንድ ጨዋታ ብቻ፣ ጥሎ ማለፍ ይጫወታሉ። ከዚያ በኋላ ያለፉት እንደገና በደረጃቸው ይደለደላሉ፤ ከፍተኛው ዝቅተኛውን ያገኛል። ይህ ማለት አምስተኛው ካለፈ ሌሎቹ ጨዋታዎች እንዴትም ቢያልቁ የሚገጥመው አራተኛውን ነው። ሊጋጠሙ የሚችሉት እነዚያው ቡድኖች ናቸው፤ እናንተ ግን አንድ ጨዋታ ተርፋችሁ፣ ወደ እነሱ በረዶ ተጉዛችሁ።

ቁጥሩን እንሥራው። ሁለቱ ቡድኖች በአቅም አንድ ናቸው ብለን እንነሳ፤ በቤቱ የሚጫወተው አንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 55 ይሁን። ሆኪ ውስጥ የቤት ጥቅም ጩኸት ብቻ አይደለም። ጨዋታው በቆመ ቁጥር ተጫዋች ቀይሮ የመጨረስ መብት የባለቤቱ ነው፤ የእንግዳው አሠልጣኝ መጀመሪያ ያስገባል፣ ባለቤቱ አይቶ ይመልሳል። ምርጥ ተከላካዮቹን በተጋጣሚው ምርጥ አጥቂዎች ላይ የሚያሰማራው በዚህ ነው። ጩኸቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ኢታካ የሚገኘው የኮርኔሉ ሊና ሪንክ ገብተው ቢያውቁ ይገባዎታል፤ ተማሪው የተጋጣሚ ተጫዋቾች ስም ሲጠራ ጋዜጣ ዘርግቶ ፊቱን ይሸፍናል፣ ሃርቫርድ ሲመጣ ደግሞ በረዶው ላይ ዓሣ ይወረውራል።

ሩብ ፍጻሜው ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ የሚያልፍበት ነው፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ካስፈለገ እሑድ። ከመቶ 55 ያለው ቡድን በሁለት ተከታታይ ድል የማለፍ ዕድሉ 30 ገደማ ነው። አንድ ተሸንፎ ሁለት የሚያሸንፍባቸው ሁለት መንገዶች እያንዳንዳቸው 13 ተኩል ገደማ ይጨምሩለታል። ድምሩ 57 ተኩል። እንግዳው 42 ተኩል ይቀረዋል። እናንተ ግን ከዚያ በፊት የመጀመሪያውን ዙር ማለፍ አለባችሁ። ያን ከአሥር ስድስቱን ታሸንፋላችሁ ብንል፣ 60 ከመቶ የ42 ተኩል 25 ተኩል ነው። አቅማቸው አንድ የሆነ ሁለት ቡድኖች፣ ነጥባቸው እኩል፤ አንዱ ሌክ ፕላሲድ የመግባት ዕድሉ ከግማሽ በላይ፣ የሌላው ሩብ። ይህን ሁሉ ያደረገችው ያቺ የኅዳር አንድ ነጥብ ናት።

የግብ ክፍያው ጉዳይ የሚመለሰው እዚህ ነው። የሁለት ጨዋታ የእርስ በርስ ውጤት ስለ ሦስተኛው ጨዋታ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። በሆኪ ውጤት 3 ለ 2 ሲሆን ከሦስቱ አንዷ የሰው እግር ነክታ አቅጣጫ የቀየረች ፓክ (በዱላ የምትመታው ክብ ጎማ) ልትሆን ትችላለች። የ22 ጨዋታ የግብ ክፍያ ግን ዕድሉን ያጣራዋል። እኔ ስተነብይ መጀመሪያ ከግብ ክፍያው ላይ በባዶ ጎል የገቡትን እቀንሳለሁ። በአንድ ጎል የሚመራ ቡድን፣ ተጋጣሚው በመጨረሻው ደቂቃ ግብ ጠባቂውን አስወጥቶ ስድስተኛ ተጫዋች ሲያስገባ፣ ከሜዳው ወዲያኛ ጫፍ የሚያስገባት ጎል ስለ አቅም አትናገርም። ከዚያ አምስት ለአምስት፣ ማለትም በቅጣት የወጣ ተጫዋች ሳይኖር ሲጫወቱ የገቡትን ለይቼ አያለሁ። በሦስት ለሦስት ጭማሪ የተገኙ ድሎችን አልቆጥርም፤ ምክንያቱም በጥሎ ማለፉ ያ ጨዋታ የለም። እዚያ ጭማሪው አምስት ለአምስት ነው፤ 20 ደቂቃ፣ ካልለየ ሌላ 20 ደቂቃ፣ ጎል እስኪገባ ድረስ።

የተጋጣሚን ጥንካሬ ለማስገባት ደግሞ በኮሌጅ ሆኪ ክራች የሚባል ስሌት አለ፤ ኬን በትለር የሚባል ሰው ያመጣው። ጥሩነቱ ቀላልነቱ ነው፤ አንዱ ቡድን 300፣ ሌላው 200 ካለው፣ የመጀመሪያው የማሸነፍ ዕድል 300 ለ500 ሲካፈል፣ ማለትም ከመቶ 60 ነው። የቤት ጥቅምን ለብቻው መጨመር አለብዎ።

የግብ ክፍያችሁ ከተጣራ በኋላም የእውነት የሚበልጥ ከሆነ፣ በእነሱ ቤት እያንዳንዱን ጨዋታ 50 ለ50 አድርገን እንውሰደው፤ የመጀመሪያውን ዙር ደግሞ ወደ 65 እናንሣው። ሌክ ፕላሲድ የመድረስ ዕድላችሁ 32 ተኩል ይሆናል። ከሦስት አንድ። የማምንበት ቁጥር ይህ ነው።

ይህ ትንሽ መስሎ እንዳያሳዝንዎት ሦስት እውነተኛ ታሪክ ላንሣ። መጋቢት 2010 ኩዊኒፒያክ ዩኒየን ቤት ሄዶ ሩብ ፍጻሜውን ጀመረ። የመጀመሪያው ጨዋታ አምስት ጭማሪ ሰዓት ፈጀ፤ በጠቅላላው 150 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ። ከሁለት ጨዋታ ተኩል በላይ ነው። ኩዊኒፒያክ 3 ለ 2 አሸነፈ። እኩለ ሌሊት አልፎ በቤቱ እንዲያ የተሸነፈ ቡድን በማግስቱ ይነሣል ማን ይላል? ዩኒየን ግን ሁለቱን ቀሪ ጨዋታዎች አሸንፎ አለፈ። በስሌቱም ቢሆን እያንዳንዱን ጨዋታ 60 ከመቶ የማሸነፍ ዕድል ያለው ቡድን የመጀመሪያውን ቢያጣ 36 ይቀረዋል፤ አልሞተም።

በ2013 ዬል በሊጉ ግማሽ ፍጻሜ በዩኒየን 5 ለ 0 ተሸነፈ፣ በማግስቱ ለሦስተኛነት በኩዊኒፒያክ 3 ለ 0። በዚያ ዓመት ዬል በኩዊኒፒያክ ሲሸነፍ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ወደ 16ቱ ቡድኖች አገር አቀፍ ውድድር የገባው በሌሎች ውጤት፣ ለጥቂት ነው። ከዚያ ሚኒሶታን፣ ኖርዝ ዳኮታን፣ ማሳቹሴትስ ሎውልን አስወጣ፤ ፒትስበርግ ላይ በፍጻሜው ያገኘው ያንኑ ኩዊኒፒያክ ነበር፣ 4 ለ 0 አሸንፎ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። «ሦስት ጊዜ አሸንፈናቸዋል» የሚል የእርስ በርስ መዝገብ ለአራተኛው ጨዋታ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይገምቱ።

በ2025 ደግሞ ኮርኔል ስድስተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው፤ ከእናንተም በታች። አሠልጣኙ ማይክ ሻፈር 30 ዓመት ከመሩት ቡድን ሊሰናበቱ የመጨረሻ ዓመታቸው ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ተጫውቶ፣ ሩብ ፍጻሜውን ሰው ቤት ሄዶ አልፎ፣ ሌክ ፕላሲድ ላይ ክላርክሰንን 3 ለ 1 ረትቶ ዋይትሎው የሚባለውን የሊጉን ዋንጫ አነሣ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ይከታተሉ፦ ግብ ጠባቂውን። በአንድ ጨዋታ ጥሎ ማለፍ ደካማው ቡድን የሚያሸንፍበት ዋናው መንገድ የግብ ጠባቂው ምሽት ነው፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ዙር ተጋጣሚያችሁ፣ ለአሥራ ሁለተኛው ቡድን፣ ማን እንደሚቆም ይዩ። ወደ ሩብ ፍጻሜው ካለፋችሁ ደግሞ የራሳችሁን ይመልከቱ። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ለአንድ ልጅ ከባድ ነው፤ ዓርብ በብዙ ጭማሪ ሰዓት ካለቀ የእሑዱ ትንበያ ይለወጣል። ሁለተኛ ግብ ጠባቂው በጥር ስንት ጊዜ እንደተሰለፈ ማየት ያን ጊዜ ይጠቅማል።

ስለ ሆቴሉ፦ ሌክ ፕላሲድ ትንሽ ከተማ ናት። ጨዋታው የሚደረግበት ኸርብ ብሩክስ አሬና በ1980 ኦሎምፒክ አሜሪካ ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 ያሸነፈችበት ስፍራ ስለሆነ አራት ትምህርት ቤት ደጋፊውን ይዞ ሲመጣ አልጋ ቶሎ ያልቃል። ከሦስት አንድ ዕድል ገንዘብ የማይመለስበት ክፍል አይገዛም። ገንዘቡ የሚመለስበትን ግን ዛሬ ይያዙ። የመሰረዣውን ቀን ይጠይቁና ከሩብ ፍጻሜው እሑድ በኋላ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሰኞ ጠዋት ድረስ ቢሆን ጥሩ ነው። የዚያ ሳምንት ዓርብ ካሸነፋችሁ በ50 ለ50 ስሌት ዕድላችሁ ወደ 75 ከፍ ይላልና ያን ጊዜ የመኪናውን ዘይትና ጎማ ያሳዩ፤ መንገዱ ከስምንት ሰዓት በላይ ነው፣ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ የአዲሮንዳክ ተራራ ነው፣ በመጋቢት አሁንም በረዶ አለው።